ጥያቄና መልስ፦ ጣሪያው የሚከፈት አሮጌ መኪና ለቅዳሜና እሁድ

ባለፈው ሳምንት ሁለት ሰው ስለሚይዘውና ጣሪያው ስለሚከፈተው ማዝዳ ሚያታ ጥቂት መስመር ጽፌ ነበርና በግል የሚላክልኝ ጥያቄ በዛ። ስለዚህ ሁሉም እዚሁ ይጠይቅ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ። የምሠራው ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ጋራዥ ነው። እጄ የለመደው የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ትውልድ ሚያታ ነው፤ በአሜሪካ ከ1990 እስከ 2005 ሞዴል ያሉትን ማለቴ ነው። ስለ ሌሎች መኪናዎች መልሴ ቢያጥር አትቀየሙኝ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልናገር፦ ሞተር ይጠገናል፣ ጣሪያ ይቀየራል፤ ላሜራው ከውስጥ የበሰበሰ መኪና ግን ገንዘባችሁን ይዞ ነው የሚሞተው።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ጋሼ፣ 118 ሺህ ማይል የሄደ የ1995 ሚያታ አግኝቻለሁ። ቀለሙ ያብረቀርቃል። ባለቤቱ ሞተሩ ምንም እንከን የለበትም ይላል። ምን ምን ልመልከት?

መልስ፦ ሞተሩን መጨረሻ ላይ ታየዋለህ። መጀመሪያ አንድ ሊትር ውኃና በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት ይዘህ ሂድ።

ምክንያቱን ልንገርህ። የጨርቁ ጣሪያ ላይ የሚወርደው ዝናብ ከመቀመጫዎቹ ጀርባ ባለ አሸንዳ ይሰበሰባል፤ ከዚያም ግራና ቀኝ ባሉ ሁለት ቱቦዎች ወርዶ ከኋላ ጎማዎቹ ፊት መሬት ላይ ይፈሳል። መኪናው ዛፍ ሥር ሲያድር ቅጠልና አፈር ቱቦውን ይደፍነዋል። መውጫ ያጣ ውኃ ከበሩ ሥር ባለው፣ ውስጡ ባዶ በሆነው ላሜራ ውስጥ ይተኛል። ዝገቱ የሚጀምረው ከውስጥ ስለሆነ ቀለሙ ለዓመታት ምንም አያሳይም። ከኋላ ጎማው ፊት ቀለሙ አበጥ ብሎ ስታየው ውስጡ አልቋል ማለት ነው።

ስለዚህ ጣሪያውን ግማሽ ድረስ ክፈትና ከእያንዳንዱ መቀመጫ ጀርባ ጥግ ላይ ውኃውን ቀስ ብለህ አፍስስ። ወዲያው ከመኪናው ሥር ካልወረደ ቱቦው ተደፍኗል። ቀጥለህ ምንጣፉን አንሣ፤ ከመቀመጫው ጀርባም ከእግር ማሳረፊያውም። በእጅህ ተጫነው፣ አሽትተው። ከዚያ ማግኔቱን ከበሩ ሥር፣ በተለይ ወደ ኋላ ጎማው ሲጠጋ፣ እያሳረፍክ ሂድ። የማይዝበት ቦታ ስቱኮ ነው፤ የተበላ ላሜራ የሚሸፈንበት መሙያ ማለት ነው። ከሥሩ ትኩስ ጥቁር ቅብ የተቀባ መኪና ካየህም ለምን አሁን እንደተቀባ ጠይቅ። ባለቤቱ ውኃ ማፍሰሱን ወይም ምንጣፍ ማንሣቱን ከከለከለህ አመስግነህ ተመለስ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከ1999 ሞዴል ጀምሮ ያለውን ሁለተኛ ትውልድ የምታዩ ደግሞ መኪናውን ወደ ላይ ከፍ አስደርጋችሁ ከፊት በኩል፣ ራዲያተሩ አካባቢ፣ ግራና ቀኝ የሚሄዱትን ዋና የብረት ተሸካሚዎች ከሥር ተመልከቱ። እነሱም ከውስጥ ይበሰብሳሉ፤ ጥገናቸው ከበር ሥሩ ይከብዳል።

ጥያቄ (ከአርሊንግተን)፦ ሚያታ ጥሩ መኪና ነው? ብገዛ ይሻላል?

መልስ፦ ለምን? ለማን? በስንት ብር? የት ያድራል? እነዚህን ጻፍልኝና እመልስልሃለሁ።

ጥያቄ (ከአሌክሳንድሪያ)፦ ባለ 1.6 ሊትር ሞተሩ ወይስ ባለ 1.8ቱ? የመጀመሪያዎቹ ሞተሮች ክራንክሻፍት (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ይበላሻል ሲባል የሰማሁት እውነት ነው?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። መኪናው በ1989 ቺካጎ አውደ ርእይ ላይ ሲቀርብ ባለ 1.6 ሊትር፣ 116 የፈረስ ጉልበት ነበር። በ1994 ወደ 1.8 አደገ። ክብደቱ አንድ ቶን ገደማ ስለሆነ ሁለቱም ይበቃሉ፤ ትንሹ ሞተር ቀለል ብሎ ይዞራል፣ ትልቁ ዳገት ላይ ያግዛል።

የክራንክሻፍቱ ነገር እውነት ነው። የ1990 እና የ1991 መጀመሪያዎቹ ሞተሮች የክራንክሻፍት አፍንጫቸው፣ ማለትም ፑሊ የሚባለው የቺንጋ መንኮራኩር የሚታሰርበት የፊት ጫፍ፣ አጭር ነው። ታይሚንግ ቺንጋው (የሞተሩን ቫልቮች በጊዜያቸው የሚያስከፍተው ቀበቶ) ሲቀየር የፑሊው ማሰሪያ ብሎን በልኩ ካልጠበቀ ፑሊውን ከዘንጉ ጋር የሚይዘው ትንሽ ብረት የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ይበላል፤ ፑሊው መወላወል ይጀምራል፣ የሞተሩ አቆጣጠር ይዛባል፣ ጉልበቱ ይጠፋል። ለመለየት ኮፈኑን ክፈትና የፑሊውን ፊት ተመልከት፦ 4 ክፍተት ካለው አጭሩ ነው፣ 8 ካለው ረጅሙ። ከዚያ ሞተሩን አስነሥተህ ፑሊው ቀጥ ብሎ መዞሩን አስተውል። አጭሩ ሁሉ ይበላሻል ማለት አይደለም፤ በአግባቡ የተያዘ እስከ ዛሬ ይሠራል። ዋጋው ግን ያንን ሥጋት ማንጸባረቅ አለበት።

ቺንጋው በየ60 ሺህ ማይል ይቀየራል። ደረሰኝ ከሌለ አልተቀየረም ብለህ ቁጠረው። በመጀመሪያው ትውልድ ቺንጋው ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን አይጋጩም፤ መንገድ ላይ ያቆምሃል እንጂ ሞተሩን አይገድለውም። ጠዋት ሲነሣ ከላይ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ብትሰማ አትደንግጥ፤ ብዙ ጊዜ ዘይት በወቅቱ ባለመቀየሩ የሚመጣ፣ ቫልቮቹን የሚገፉት ክፍሎች ድምፅ ነው። ፍሪሲዮኑ ወደ ታች ከወረደና ማርሽ ከከበደ ደግሞ መጀመሪያ የታችኛውን የፍሪሲዮን ፓምፕ ተመልከት፤ ርካሽ ዕቃ ነው፣ ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው እሱ ነው። እነዚህን ሁሉ ማስተካከል ይቻላል። ምንጣፉን ግን አንሣ።

ጥያቄ (ከውድብሪጅ)፦ ኦቶማቲኩ ይሻለኛል። በየቀኑ 95 አውራ ጎዳና ላይ ተጨናንቄ እውላለሁ።

(ከአትላንታ)፦ ይቅርታ ወንድሜ፣ ሚያታ በኦቶማቲክ መንዳት ገንዘብን መጣል ነው።

(ከውድብሪጅ)፦ ፍሪሲዮን ስረግጥ የሚደክመውን የእግሬን ጉልበት አንተ አትከፍልልኝም። ሁሉም እንደ አቅሙ ይንዳ።

(ከአትላንታ)፦ አቅም ሳይሆን የመኪናው ጠባይ ነው የምለው። ባለ 4 ማርሹ ኦቶማቲክ ያንን ትንሽ ሞተር ያንቀዋል።

መልስ፦ አትላንታ ስለ ሞተሩ ያለው ልክ ነው፣ ውድብሪጅም ስለ እግሩ ጉልበት ያለው ልክ ነው። ነገር ግን እዚህ የምናወራው ስለ ቅዳሜና እሁድ መኪና ነው፤ ለ95 አውራ ጎዳናማ ሌላ መኪና ይሻልሃል። በማንዋሉ ግዛ። ይህ ክርክር እዚህ ላይ ያብቃ።

ጥያቄ (ከዳላስ)፦ ከእኛ ከቴክሳስ መኪና መግዛት ይሻላል ይባላል። ጨው የለምና።

መልስ፦ እውነት ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ክረምት ላይ መንገዱ ጨው ይረጫል፤ ከሥር ያለው ብረት ይበላል። የቴክሳስና የጆርጂያ መኪና ከሥር ንጹሕ ነው። ፀሐዩ ግን ጣሪያውንና ዳሽቦርዱን ያደርቀዋል። ጣሪያ ይገዛል፣ ሻሲ አይገዛም፤ ምርጫው ግልጽ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከሂውስተን አካባቢ የመጣ መኪና ሲሆን የባለቤትነት ወረቀቱን ታሪክ ፈትሹ። በ2017 የሃርቪ ማዕበል ጊዜ ውኃ የዋጠው መኪና ብዙ ነው። የደረቀ ጭቃ ከመቀመጫው ሐዲድ ሥር አይጠፋም። ምንጣፉን አንሡ፤ እዚያም ይታያል።

ጥያቄ (ከሲያትል)፦ ቢኤምደብሊው ዜድ3 ወይስ መርሴዲስ ኤስኤል ምን ትላለህ? ፖርሽ ቦክስተርስ?

መልስ፦ በአጭሩ። ዜድ3 ከሆነ የኋላ ዕቃ መጫኛውን ምንጣፍ ገልጠህ ዲፈረንሺያሉ የሚንጠለጠልበት ቦታ መሰንጠቅ አለመሰንጠቁን አረጋግጥ። የ1990ዎቹ ኤስኤል ጣሪያው በሃይድሮሊክ ስለሚሠራ ቧንቧዎቹ ማፍሰስ ይጀምራሉ፣ የሽቦ ልባሱም በአንዳንድ ዓመታት ይፈረካከሳል። የመጀመሪያው ቦክስተር መካከለኛው ዘንግ ላይ ያለው ኩሽኔት መቀየሩን የሚያሳይ ደረሰኝ ጠይቅ። ከዚህ በላይ ሙያዬ አይደለም።

ጥያቄ (ከለንደን)፦ እዚህ ከጃፓን የመጡ «ዩኖስ» የሚል ስም ያላቸው ይሸጣሉ። አንድ ናቸው?

መልስ፦ አንድ ናቸው። ጃፓን ውስጥ የተሸጠበት ስም ነው። ብዙዎቹ እንግሊዝ ሲደርሱ ከዝገት ነፃ ነበሩ፤ ከሥር መከላከያ ሳይቀባላቸው በእንግሊዝ ክረምት የተነዱት ግን በኋላ ተበልተዋል። አንቺ የታደልሽው በሌላ ነገር ነው፦ የዓመታዊው ፍተሻ ታሪክ በታርጋ ቁጥር በነፃ በኢንተርኔት ይታያል። «ዝገት» የሚል ማስጠንቀቂያ ከዓመት ዓመት ከተደጋገመ ሌላ ፈልጊ።

ጥያቄ (ከአርሊንግተን)፦ እሺ ጋሼ፣ ለራሴ ነው፣ ጋራዥ የለኝም፣ መንገድ ላይ ነው የሚያድረው። በጀቴ 8 ሺህ ዶላር።

መልስ፦ አሁን ጥያቄ ሆነ። 8 ሺህ ካለህ ከ6 ሺህ በላይ ለመኪናው አትክፈል። ቀሪው ለቺንጋ፣ ለጎማ፣ ለራዲያተርና ለፈሳሾች ይሁን። የራዲያተሩ የላይኛው የፕላስቲክ ክፍል ከጥቁር ወደ ቡናማ ከተለወጠ ሊሰነጠቅ ነው፤ ሳይጠብቅህ ቀይረው። ጎማው ጎን ላይ ባለ አራት አኃዝ ቁጥር አለ፤ 2319 ማለት እ.ኤ.አ. በ2019 23ኛው ሳምንት ላይ የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ያረጀ ጎማ እርጥብ መንገድ ላይ አይዝም። መንገድ ላይ ስለሚያድር ውስጡ ሳንቲም እንኳ አትተው፤ ሌባ ጨርቁን በቢላ ይቀደዋል። ዛፍ ሥር አታቁመው፤ ምክንያቱን ከላይ ጽፌዋለሁ።

(ከአናንዴል)፦ ወንድሞቼ፣ አንድ ነገር ልናገር። 8 ሺህ ዶላር ለሁለት ሰው መኪና? ልጆች ያሉት ሰው ይህን ገንዘብ እቁብ ቢገባበት አይሻልም?

(ከአርሊንግተን)፦ ልጅ የለኝም፣ እቁቤንም እየከፈልኩ ነው።

(ከአናንዴል)፦ አንተን ብቻ አይደለም። ሌላው ያነባል።

(ከአትላንታ)፦ ሰው ስድስት ቀን ሙሉ ሠርቶ አንድ ቀን ነፋስ ቢቀበል ምን ይጎዳል?

መልስ፦ ወይዘሮ፣ ስለ ገንዘቡ የሚሉትን አከብራለሁ፤ ለቤተሰብ ብቸኛ መኪና ይሁን ያለ ግን የለም። ስለ ልጆች አንድ ነገር ላክል፦ የአሜሪካው ሚያታ ከ1994 ጀምሮ ለተሳፋሪው ኤርባግ አለው። ወደ ኋላ የሚያይ የሕፃን ወንበር በዚያ ኤርባግ ፊት ፈጽሞ አይቀመጥም። ሕፃን ይዞ የሚሄድ በሌላው መኪና ይሂድ።

ጥያቄ (ከፌርፋክስ)፦ የጥንታዊ መኪና ታርጋ ማውጣት እችላለሁ?

መልስ፦ በቨርጂኒያ 25 ዓመት የሞላው መኪና ይችላል። ለዕለት ሥራህ ሌላ መኪና ሊኖርህ ይገባል። ለመዝናናት ከቤትህ እስከ 250 ማይል ድረስ አልፎ አልፎ መንዳት ይፈቀዳል፤ በየቀኑ ሥራ መሄድ አይፈቀድም። ዓመታዊው የደኅንነት ፍተሻም ይቀርልሃል። መቅረቱ ግን ፍሬንና መሪ አይታይ ማለት አይደለም። ራስህ አሳየው።

ጥያቄ (ከሎስ አንጀለስ)፦ ገዝቼ አዲስ አበባ ብልከውስ?

መልስ፦ አይሆንም። ኢትዮጵያ በእኛ አቆጣጠር ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክላለች።

ጥያቄ (ከሄርንደን)፦ ባለ 140 ሺህ ማይል አይቻለሁ። በዛ?

መልስ፦ ማይሉ አይደለም። ምንጣፉን አነሣህ? ውኃ አፈሰስክ? ከላይ ያለውን አንብብ። በደንብ የተያዘ 140 ሺህ ከተረሳ 60 ሺህ ይሻላል።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ጋሼ፣ ሄጄ አየሁት። በግራ በኩል ያፈሰስኩት ውኃ አልወረደም፣ ምንጣፉ ሥር እርጥብ ነው። ማግኔቱ በሁለቱም በኩል ይይዛል። ባለቤቱ 700 ዶላር ቀነሰ።

መልስ፦ ማግኔቱ መያዙ ስቱኮ እንደሌለ ይነግርሃል እንጂ ውስጡ ጤነኛ ነው አይልም። ጋራዥ ውሰደውና ክሪክ ላይ ይነሣ፤ ከበሩ ሥር ባሉት ቀዳዳዎች ትንሽ ካሜራ ይግባ። ሜሪላንድ ስለሆንክ መኪናው በስምህ ከመዞሩ በፊት የደኅንነት ፍተሻ ማለፍ አለበት፤ ፍተሻውን ሻጩ ያሳልፍ በለው። ውስጡ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ቱቦውን በወፍራም የሣር ማጨጃ ናይለን ገመድ ቀስ ብለህ ጥረገው። በሽቦ አትውጋው ይቀደዳል፤ በኮምፕረሰር አትንፋበት ከቦታው ይወልቃል። ዝገት ከታየ ግን 700 ዶላሩ ምንም አይደለም። ተወው።

ጥያቄ (ከፎልስ ቸርች)፦ እኔ ገዝቻለሁ፣ የ1997፣ ደረቅ ነው፣ አረጋግጫለሁ። ጣሪያውን ስዘጋና ስከፍት የምጠነቀቀው ነገር አለ? የመጀመሪያ ጉዞዬስ ወዴት ይሁን?

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። የኋላው መስኮት ፕላስቲክ ነው፤ ጣሪያውን ከማጠፍሽ በፊት ዚፑን ከፍተሽ መስኮቱን ጠፍጣፋ አስተኚው፣ አለበለዚያ ይታጠፍና ይሰነጠቃል። ብርድ ላይ ጨርሶ አትንኪው። ባትሪው ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ስለሆነ ሲያልቅ አሲድ የማይተፋውን፣ ለዚህ መኪና የሚሸጠውን ዓይነት ግዢ፤ ተራ ባትሪ ያንን ላሜራ ይበላዋል።

ለመጀመሪያ ጉዞ ስካይላይን ድራይቭ ነው። ከፍሮንት ሮያል ተነሥቶ በሸናንዶዋ ፓርክ ጫፍ ጫፍ 105 ማይል ይሄዳል። የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 35 ማይል ስለሆነ ያረጀ መኪና አይጨነቅም፤ አጋዘን ግን ድንገት ይገባል። ቅጠሉ የሚቀላበት ጥቅምት ላይ ከሆነ መግቢያው ላይ ረጅም ሰልፍ አለ፤ ቅዳሜ ጠዋት በእኛ አቆጣጠር አንድ ሰዓት ሳይሞላ ድረሺ።