ሁለት ፈታሽ በአንድ በር

ጥያቄው የመጣው ከአራት ኪሎ ነው። ጠያቂዋ የጽሕፈትና የኮፒ ሱቅ አላቸው፤ ደብዳቤያቸው ሲያጥር ይህ ነው፦

«ላፕቶፔ ከታች በቀኝ ጥግ በኩል ‹አምስት ቫይረስ ተገኝቷል፤ የጥበቃ ጊዜዎ አልፏል፤ አሁኑኑ ያድሱ› የሚል ቀይ ማስጠንቀቂያ በየአሥር ደቂቃው ያወጣል። ጥገና ቤት ወስጄው 800 ብር ከፍዬ ሁለት አንቲቫይረስ ተጫነልኝ። ማስጠንቀቂያው አልቀረም፤ ይባስ ብሎ ዎርድ እስኪከፈት ቡና ይፈላል። ተማሪዎች ፍላሽ ሲሰኩ ፎልደሮቻቸው ሾርትከት ይሆናሉ፤ ሁለቱም አንቲቫይረሶች ግን ኮምፒውተሩ ንጹሕ ነው ይላሉ። ለመሆኑ እነዚህ ነገሮች ይታመናሉ ወይስ ገንዘብ መሰብሰቢያ ናቸው?»

እህቴ፣ ደብዳቤዎን አንብቤ ሳልጨርስ ነው የጠረጠርኩት። ኮምፒውተሩን በዓይኔ አላየሁትም፤ ነገር ግን ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ ባለችው ሱቄ ጠረጴዛ ላይ የእርስዎን የሚመስል በሳምንት ሁለት ሦስት ይቀመጣል። ያለብዎት ችግር አንድ ሳይሆን ሦስት ነው። የሚጮኸው ቫይረስ የለም። ያለው ቫይረስ ደግሞ አይጮኽም። ዝግመቱ ከሁለቱም አይደለም፤ ያመጣው ጥገናው ራሱ ነው።

ምንም ከመንካትዎ በፊት የሱቁን ሰነድ፣ የሒሳብ መዝገብዎንና ፎቶዎን ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይገልብጡ፤ ከዚያም ዲስኩን ይንቀሉት። ሰነድና ፎቶ ብቻ ይውሰዱ፤ የፕሮግራም ፋይል ይቅር። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዓይነት ቫይረስ የተሰካውን ሁሉ አብሮ ይቆልፋልና ተሰክቶ የሚውል መጠባበቂያ ዋጋ የለውም።

አሁን ወደ ቀዩ ማስጠንቀቂያ እንምጣ። ጠጋ ብለው ይመልከቱት። የክሮም ምልክት፣ አጠገቡም በትንንሽ ፊደል የማያውቁት የድረ ገጽ ስም አለ አይደል? አንድ ቀን እርስዎ ወይም የሱቅዎ ልጅ ኳስ በነፃ የሚያሳይ ገጽ ከፍታችኋል፤ ገጹም «ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ ‹አላው› የሚለውን ይጫኑ» ብሏል። ተጫነ። ያ ቁልፍ ለገጹ በፈለገው ሰዓት መልእክት የመላክ ፈቃድ ሰጠው፤ ከዚያ ወዲህ እንደ ሐኪም እየቀረበ በሽታ ይነግርዎታል። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ እንደሚባለው ነው። በክሮም «ሴቲንግስ»፣ ቀጥሎ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ»፣ «ሳይት ሴቲንግስ»፣ «ኖቲፊኬሽንስ» ይግቡና የማያውቁትን ገጽ ሁሉ ይሰርዙ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ 800 ብርም አያስወጣም። በማስጠንቀቂያው በኩል ገብተው የይለፍ ቃል ጽፈው ከነበረ ግን ዛሬውኑ ከሌላ መሣሪያ ይለውጡት።

ዎርድ ለምን ቡና እስኪፈላ ያስጠብቃል? ይህችን ለተለማማጆቼ ሁሉ የምነግራት ናት፤ እዚህም ካልነገርኳት አይሆንልኝም። በአዲስ አበባ ባንክም ይግቡ ሆቴል፣ በር ላይ ፍተሻ አለ። ፈታሹ ቦርሳዎን ከፍቶ ያያል፤ ያሳልፋል። የአንቲቫይረስም ሥራ ይኸው ነው። ኮምፒውተሩ አንድ ፋይል ሊከፍት ባለ ቁጥር መሃል ይገባና ያስቆማል፤ ፋይሉን ራሱ ያነበዋል፤ እጁ ላይ ካለው የታወቁ ሌቦች ዝርዝር ጋር ያስተያያል፤ ምንም ካላገኘ «ይለፉ» ይላል። አሁን በዚያው በር ሁለተኛ ፈታሽ ያቁሙ። ከሌላ ድርጅት የተቀጠረ ነው፤ የመጀመሪያውን አያውቀውም። የመጀመሪያው እጁን ወደ ቦርሳዎ ሲሰድ ሁለተኛው «ይህ ሰው የሰው ቦርሳ ውስጥ ምን ይሠራል?» ብሎ እሱንም ያስቆመዋል። እርስዎ መሃል ቆመው ይጠብቃሉ። ዎርድ ደግሞ ብቻውን የሚመጣ እንግዳ አይደለም፤ ፊደላቱን፣ ቅንብሩን፣ መዝገበ ቃላቱን፣ ብዙ ትንንሽ ፋይሎችን አስከትሎ እንደ ሠርገኛ ነው የሚገባው። ሠርገኛው በሙሉ ሁለት ሁለት ጊዜ ይፈተሻል። ከሥር ያለው የድሮ ሃርድ ዲስክ እንደ ሙዚቃ ሸክላ የሚሽከረከር፣ አብዛኛው የላፕቶፕ ዓይነት በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚዞር፣ ወዲያ ወዲህ የሚል ክንድ ያለው ነገር ነው፤ ክንዱ በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ መሆን አይችልም። ኮምፒውተሩ ምን እየሠራ እንደሆነ በሚያሳየው «ታስክ ማናጀር» ውስጥ ዲስክ የሚለው ረድፍ 100 በመቶ ላይ ተቸንክሮ የሚውለው ለዚህ ነው።

የፈታሽ ምሳሌዬን የምወደው ሌላም ስለሚያስረዳ ነው። ፈታሹ ዝርዝሩ ላይ የሌለን አዲስ ሌባ ሊያሳልፈው ይችላል፤ አጥር ሲዘል ካላየው በቀር። ደግሞም የየክፍሉ ቁልፍ በእጁ ነው፤ ከባለቤቱ በላይ ይገባል፣ ይወጣል። ስለዚህ ፈታሹ ሲሳሳት ቤቱ ሁሉ ይናጋል። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የጥበቃ ኩባንያ አንድ ጉድለት ያለበት ማሻሻያ ልኮ፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን በሰማያዊ የስሕተት ገጽ ላይ አስቀርቷል፤ አውሮፕላኖች ሳይቀሩ ቆመዋል። ጥቃት አልነበረም፤ የፈታሹ የራሱ ስሕተት ነው። ፈታሹ ወሬ አቀባይ የሚሆንበትም ጊዜ አለ፦ በስፋት የሚታወቀው አቫስት ደንበኞቹ የጎበኟቸውን ድረ ገጾች መረጃ በእኅት ኩባንያው በኩል ሲሸጥ ተገኝቶ፣ በ2016 ዓ.ም. የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጎታል።

እንግዲህ ይታመናሉ ወይ ላሉት፦ ከባለቤቱ እጅ የመጣ፣ የሚታደስ፣ አንድ ብቻ የሆነ አንቲቫይረስ ለተራ ተጠቃሚ ይታመናል፤ የቤቱን ቁልፍ እንደሰጡት ሳይረሱ። ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ መቆለፊያው የተሰበረ አንቲቫይረስ ግን ሌላ ነገር ነው። የየክፍሉን ቁልፍ የሚይዘውን ሰው ማንነቱ ያልታወቀ እጅ አበላሽቶ ሲያቀርበው እርስዎ ቀጠሩት ማለት ነው። ለእርስዎ የተጫኑት ሁለቱም ክራክ እንደሆኑ አልጠራጠርም፤ በ800 ብር የሁለት ኩባንያ ፈቃድ የሚገዛልዎት ጠጋኝ አዲስ አበባ ውስጥ የለም። የዚህ ዓይነቱ ጥገና ያናድደኛል፤ ደንበኛው የጠየቀው አንድ ማስጠንቀቂያ እንዲጠፋለት ነበር፣ ጠጋኙ ግን ማስጠንቀቂያውን እንኳን ጠጋ ብሎ አላየውም።

ሁለቱንም ያውጧቸው። አንዱን አውጥተው ኮምፒውተሩን እንደገና ያስነሡ፤ ከዚያ ሌላውን። አልወጣም ካለ ኩባንያው ራሱ ያዘጋጀው የማስወገጃ ፕሮግራም አለ። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ዲፌንደር የተባለው የማይክሮሶፍት የራሱ አንቲቫይረስ ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ ይመጣል፤ ሌሎቹ ሲወጡ በራሱ መነሣት አለበት። ካልተነሣ ያ ሰው በእጁ አጥፍቶታል።

ሦስተኛው፣ እውነተኛው ቫይረስ። «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ» ውስጥ ገብተው በቫይረስ ጥበቃው ሥር «ኤክስክሉዥንስ» የሚለውን ይክፈቱ፤ ከዲፌንደር ፍተሻ ነፃ የሆኑት የሚዘረዘሩበት ቦታ ነው። እዚያ ዊንዶውሱ ያለበት «ሲ ድራይቭ» በሙሉ ተጽፎ ካላገኙ ቡናው በእኔ ነው። ክራኩ እንዳይያዝበት ብሎ ቤቱን በሙሉ ከፍተሻ ነፃ አድርጎ የሚሄድ ጠጋኝ ሞልቷል። ሁለቱ ክራኮች «ንጹሕ ነው» ቢሉም ራሳቸው የተበላሹ ናቸውና አይታመኑም፤ ይህ ዝርዝር እስካለ ድረስ ደግሞ ዲፌንደርም አያይልዎትም። ይሰርዙት።

አንድ ተማሪ የተበከለ ፍላሽ ሰክቶ ሳለ ተበክለዋል፤ አሁን ደግሞ የእርስዎ ኮምፒውተር የአራት ኪሎን ተማሪ ሁሉ እየበከለ ነው። አሠራሩ ብልጥ ነው፦ እውነተኛውን ፎልደር ይደብቅና በቦታው ትንሽ የታጠፈ ቀስት ያለበት፣ መጠኑ አንድ ሁለት ኪሎባይት የሆነ ሾርትከት ያስቀምጣል። ተማሪው ሲጫነው ፎልደሩ እንደ ወትሮው ይከፈትለታል፤ ቫይረሱም አብሮ ይነሣል። ምንም የጎደለ ነገር ስለማይታይ ማንም አይጠረጥርም።

ለዚህ የሚሆነው የዲፌንደር «ኦፍላይን ስካን» ነው። ዊንዶውስ ሳይነሣ፣ ቫይረሱ ተኝቶ ሳለ ይፈትሻል፤ ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃል። መብራት የማይጠፋበትን ሰዓት ይምረጡ፤ የላፕቶፑም ባትሪ ይሞላ። ውጫዊው ዲስክ አሁንም እንደተነቀለ ነው አይደል? ጥሩ። ፍላሾቹን ለማጽዳት ደግሞ የተደበቁ ፋይሎችንና የሲስተም ፋይሎችን የሚያሳየውን ምርጫ ያብሩ፤ እውነተኛው ፎልደር ደብዘዝ ብሎ፣ አንዳንዴም ስም ሳይኖረው ብቅ ይላል። ውስጡ ያለውን ሰነድ ወደ አዲስ ፎልደር አውጥተው የቀረውን ያጥፉ። ዲፌንደር በእርግጥ ነቅቶ እንደሆነ ለማየት ኢአይካር የተባለውን የመፈተሻ ፋይል ያውርዱ፤ 68 ፊደላት ብቻ ያሉት፣ ጉዳት የሌለው፣ አንቲቫይረሶች እንዲይዙት የተስማሙበት ፋይል ነው። ካልነጠቀዎት ፈታሽዎ ተኝቷል።

የዊንዶውስ ማሻሻያውንም ጠጋኙ ሳያጠፋው አይቀርም፤ «ኢንተርኔት ይበላል» ብለው ያጠፉታል። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ ዓለምን ሲያተራምስ ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ማሻሻያ ካወጣ ሁለት ወር ሊሞላው ነበር። የተጎዱት በብዛት ያላደሱት ናቸው። ዊንዶውስ 10 ከሆነ ደግሞ መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ላፕቶፑ 11ን ይቀበል እንደሆነ ያጣሩ።

ሁለቱ አንቲቫይረሶች ወጥተውም ዲስኩ ከ100 በመቶ ካልወረደ ሃርድ ዲስኩ ደክሟል። በካቻቢቴ ከታች ያሉትን ብሎኖች ፈተው ኤስኤስዲ፣ ማለትም የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ ይቀይሩለት፤ ከመክፈትዎ በፊት ቻርጀሩን ነቅለው ባትሪውን ያውጡ ወይም የባትሪውን ሶኬት ያላቁ። ስሙ የማይታወቅ ርካሽ ኤስኤስዲ ግን አይግዙ፤ ድንገት አንድ ጠዋት ዝም ይላል፤ የሃርድ ዲስክን ያህል እንኳን ሲያቃስት አይሰማም። በየመንገዱ የሚሸጡትን «2 ቴራባይት» ፍላሾችም ይተዉ፤ 32 ጊጋባይት ብቻ የሚይዘው 2 ቴራባይት ነኝ እያለ ይዋሻል፤ ሲሞላ የቀደመውን ያበላሻል። ሰነድዎን እንዲህ ባለው ላይ ገልብጠው ከሆነ እንዳልገለበጡ ይቁጠሩት፤ በደህና ዲስክ እንደገና ይገልብጡና ይንቀሉ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሾርትከቱ ከተመለሰ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ መጫን ነው፤ ጫኙን ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ ያውርዱ እንጂ ከሰው ፍላሽ አይቀበሉ። ወደ ሱቄ የሚያመጡት ከሆነም ቻርጀሩን አብረው ያምጡ፤ የገለበጡበትን ዲስክ ግን ቤት ያስቀሩት።