ማሲንቆ ሲሰቀል የሚሰማ ዜማ፦ ስለ ሕልምና ስለ ገና ሰሞን የአንባቢያን ጥያቄዎች

በዚህ ወር የአንባቢያንን ጥያቄዎች የሚመልሱልን በደብረ ብርሃን ከተማ የሚኖሩ፣ ማሲንቆን ከአባታቸው የተማሩና በገናም የሚደረድሩ አንጋፋ ባለሙያ ናቸው። ባለፈው እትማችን በጾመ ነቢያት ሰሞን ዜማ በሕልማቸው እንደሚሰሙ በአጭሩ ተናግረው ስለ ነበር፣ ከሰሜን ሸዋ ልዩ ልዩ ወረዳዎች የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ይህንኑ የሚመለከቱ ሆነው አግኝተናቸዋል። ከእነዚህ መካከል አራቱን ከነመልሳቸው እናቀርባለን።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጄ ክራር ይመታል። ጾሙ ከገባ ወዲህ ሌሊት ሌሊት «ዜማ ሰማሁ» እያለ ይነቃል፤ ጠዋት ክራሩን ሲያነሣ ግን ይጠፋበትና ያለቅሳል። ጎረቤቶቼ «ከላይ የተሰጠው ነው፣ አትንኪው» ይሉኛል፤ እኔ ደግሞ እፈራለሁ። ምን ባደርግ ይሻላል? (አንዲት እናት፣ ከደብረ ሲና)

መልስ፦ እኅቴ፣ በመጀመሪያ ፍርሃቱን ከልብዎ ያውጡ። ቀኑን ሙሉ ክራር ሲመታ የዋለ ልጅ ሌሊት ክራር ቢሰማ፣ ሲያርስ የዋለ ገበሬ በሕልሙ በሬ ሲጠምድ እንደሚያድረው ነው። መጽሐፈ መክብብም ሕልም በሥራ ብዛት እንደሚታይ ይናገራል።

ዜማው ጠዋት ለምን እንደሚጠፋ ግን ማወቁ ለልጅዎ ይጠቅመዋል። የእንቅልፍ ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1953 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የተኛ ሰው ዐይን ከሽፋኑ ሥር በፍጥነት የሚንቀሳቀስበት ጊዜ እንዳለ ደርሰውበታል፤ ደማቅ ሕልም አብዝቶ የሚታየውም በዚያ ጊዜ ነው። ይህ ጊዜ በየ90 ደቂቃው ገደማ እየተመላለሰ፣ ወደ ንጋት በተቃረበ ቁጥር እየረዘመ ይሄዳል፤ በዚያው ጊዜ የእጅና የእግር ጡንቻ ፈጽሞ ይዝላል። መሣሪያ ለምንጫወት ሰዎች ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ጆሮ ዜማውን ሙሉ በሙሉ ሰምቻለሁ ሲል ጣት ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ስለዚህ ልጅዎ ጠዋት ክራሩን እንዳነሣ ጣቱ የሚሮጠው ወደ ለመደው ስልት ነው፤ የለመደው ድምፅ አንዴ ከተሰማ ደግሞ የሕልሙን ዜማ ይሸፍነዋል፤ ከዚያ በኋላ ቢፈልገውም አያገኘውም።

እንግዲህ ሲነቃ ወደ ክራሩ እንዳይሄድ ይንገሩት። ዐይኑን ሳይገልጥ፣ ከብርድ ልብሱ ሳይወጣ፣ ማንም «ደኅና አደርህ» ሳይለው ዜማውን በአፉ ያንጎራጉረው፤ ደጋግሞ ካንጎራጎረው በኋላ በስልክ ይቅረጸው። ፊቱን ታጥቦ፣ ቁርሱን በልቶ ሲረጋጋ ቅጂውን እየሰማ ዜማው ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ወደ የትኛው ቅኝት እንደሚያደላ ይፈልግ፤ ክራሩን የሚቃኘው ከዚያ በኋላ ይሁን። ክራር አንድ ጊዜ ከተቃኘ አምስት ድምፅ ብቻ ስለሚሰጥ፣ መጀመሪያ የተቃኘው ክራር ዜማውን ወደ ራሱ አጥሮ ያስገባዋል።

ጎረቤቶችዎ «አትንኪው» ማለታቸውን ግን አልቀበለውም። ጁዜፔ ታርቲኒ የተባለው የ18ኛው መቶ ዘመን ጣሊያናዊ የቫዮሊን ሊቅ፣ ሰይጣን በሕልሙ ቫዮሊኑን ተቀብሎ ሲጫወት እንደ ሰማና ነቅቶ የጻፈው ሥራ ከሰማው እጅግ ያነሰ እንደ ሆነ ተናግሯል፤ ያም ሆኖ ያነሰውን ይዞ ሠራበት እንጂ አልጣለውም። ከቢትልስ አባላት አንዱ የነበረው ፖል ማካርትኒ ደግሞ በሕልሙ ያገኘውን ዜማ እንደ ነቃ በፒያኖ ከሞከረው በኋላ፣ የሌላ ሰው ሥራ እንዳይሆን ሰግቶ ለሳምንታት ያገኘውን የሙዚቃ ሰው ሁሉ «ይህን ዜማ ከዚህ በፊት ሰምታችሁታል?» እያለ ይጠይቅ ነበር። ትክክለኛው ግጥም እስኪመጣለት ድረስም ስለ እንቁላል ጥብስ የሚያወራ ጊዜያዊ ቃል አስገብቶበት ነበር። ልጅዎም እንዲሁ ያድርግ፤ ለአስተማሪው፣ ለጓደኞቹ፣ በተለይም በዕድሜ ለሚበልጡት ያሰማ። ከሰርግ ቤት በጆሮው የቀረ የቆየ ዘፈን ሆኖ ቢገኝ ሊያፍርበት አይገባም፤ ጆሮው የሰማውን እንደሚይዝ አወቀ ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ለክራር ተማሪ ትልቅ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ በጾመ ነቢያት ማሲንቆ ይሰቀላል የሚባለው እውነት ነውን? ሕልሙ የሚበዛብዎትስ በዚህ ምክንያት ይሆን? (ተማሪ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እውነት ነው፤ በእኛ ቤት ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ልደት ዋዜማ ማሲንቆ በጨርቅ ተሸፍኖ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ልደት ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ቀን ስለሚውል የምናወርደውም በዚያው መሠረት ነው። በጾም ሰርግ የለም፤ ገበሬውም አጨዳና ውቂያ ላይ ስለሆነ አዝማሪ የሚጠራ ሰው አይኖርም። በገና ግን የምስጋናና የንስሓ መሣሪያ ስለሆነ አይሰቀልም፤ በጾም ወራት፣ ከሁሉም በላይ በዐቢይ ጾም፣ ይደረደራል።

ስለ ሕልሙ የጠየቅኸው ልክ ይመስለኛል፤ የለመደ እጅ ሥራ ሲፈታ ጆሮ ብቻውን መሥራት ይጀምራል። ሌላም ምክንያት አለ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የታኅሣሥ ሌሊት ውርጩ ከባድ ነው፤ የመንዝ ባና ለብሶ የተኛ ሰው እንኳ ሌሊት ደጋግሞ ይነቃል። ደጋግሞ የሚነቃ ሰው ደግሞ ሕልሙን ያስታውሳል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሳይነቃ የሚያድረው ግን ሕልም አይቼ አላውቅም ይላል። ማሲንቆህን ስትሰቅል ጭራውን ማላላትህን፣ ቆዳው እርጥበት እንዳይነካው ማድረግህንም አትርሳ።

ጥያቄ፦ በልደቱ ታሪክ ውስጥ ሕልም ደጋግሞ ይጠቀሳል። የሙዚቃ ሰው እንደ መሆንዎ ከእነዚህ ሕልሞች ምን ይማራሉ? ቅዱስ ያሬድስ ዜማውን በሕልም አገኘ ማለት ይቻላልን? (መምህር፣ ከእነዋሪ)

መልስ፦ መምህር፣ ይህ ጥያቄ ብዙ ዘመን ሳስብበት የኖርሁት ስለሆነ መልሴ ቢረዝም ይታገሡኝ።

በማቴዎስ ወንጌል የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕራፎች አምስት ጊዜ ስለ ሕልም ተጽፏል። አንዱ ሰብአ ሰገል ወደ ሄሮድስ እንዳይመለሱ የተረዱበት ነው፤ አራቱ የዮሴፍ ናቸው። ማርያምን ለመውሰድ እንዳይፈራ፣ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ ወደ ግብፅ እንዲሸሽ፣ ሄሮድስ ከሞተ በኋላ ወደ እስራኤል አገር እንዲመለስ፣ በመጨረሻም ወደ ገሊላ እንዲሄድ በሕልም ተነግሮታል። የያዕቆብ ልጅ ዮሴፍ በኦሪት ያየው ሕልም፣ ነዶዎች ለነዶው ሲሰግዱ የታየበት፣ በወንድሞቹ ዘንድ ጥልን አመጣ፤ የፈርዖን ሕልም ደግሞ ፈቺ እስኪገኝ ድረስ ጠቢባኑን ሁሉ አስጨነቀ። የልደቱ ሕልም ግን ፈቺ አላስፈለገውም። ዮሴፍ በሌሊት ተነሥቶ መንገድ ጀመረ እንጂ ትርጓሜውን የሚነግረው ሰው ፍለጋ አልሄደም።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ፣ በእነዚህ አምስት ሕልሞች ውስጥ መዝሙር የሚባል ነገር አለመኖሩ ነው። መዝሙሩ ያለው በሉቃስ ወንጌል ነው፤ የሰሙትም በሌሊት መንጋቸውን ሲጠብቁ የነበሩ እረኞች ናቸው፤ አልተኙም ነበር። የተኛው ሰው የሚሠራው ሥራ ታዘዘ፤ ምስጋናውን የሰማው ግን ነቅቶ ሥራው ላይ የነበረው ነው። ይህን ካስተዋልሁ ወዲህ በሕልሜ ዜማ ስሰማ እንደ ተጠናቀቀ ሥራ አልቆጥረውም፤ ተነሥቼ እንድሠራ የተላከብኝ መልእክት አድርጌ ነው የምቀበለው።

ስለ ቅዱስ ያሬድ በጠየቁኝ ላይ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት የሚነግረን ስለ ሕልም አይደለም። በ6ኛው መቶ ዘመን በአክሱም የነበረው ይህ ሊቅ በመጀመሪያ ትምህርት ከብዶት ሸሽቶ ሳለ፣ ዛፍ ለመውጣት እየወደቀች ደጋግማ የምትሞክር ትል ከዛፍ ሥር ተቀምጦ አየ፤ ተመልሶም ተማረ። ዜማውን የሰማው ከኤዶም ገነት ከተላኩ ሦስት አዕዋፍ እንደ ሆነ፣ ከዚያም ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌም ተነጥቆ የካህናተ ሰማይን ምስጋና እንደ ተማረ ይተረካል። በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር የንጉሡ ጦር እግሩን ወግቶት ሁለቱም አልተሰማቸውም የሚባለውም ቆሞ እየዘመረ ሳለ ነው። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉት ስልቶች በዚህ መንገድ ደርሰውናል ብለን የምናምን ሰዎች፣ ዜማን ከእንቅልፍ ይልቅ ከትጋት ጋር ብናያይዘው የተገባ ነው።

ለተማሪዎቼም ዜማ የምትፈልጉ ከሆነ በልደት ሌሊት አትተኙ እላቸዋለሁ። በዚያ ሌሊት በየደብሩ ማሕሌቱ ሲቆም፣ መቋሚያው ሲነሣና ሲወርድ፣ ጸናጽሉ አንዴ ቀስ ብሎ አንዴ ፈጥኖ ሲመታ፣ ከበሮው ደግሞ ከዝግታ ተነሥቶ ወደ ወረብ ሲሸጋገር በጓዳ ተኝቶ የሚገኝ የሙዚቃ ተማሪ ዓመቱን ሙሉ የማያገኘውን ትምህርት ያጣል። እኔ ከኋላ ቆሜ የማዳምጠው ፍጥነቱ የሚለወጥበትን ቦታ ነው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ ማንም ሳያዝ፣ አብረው የሚፈጥኑበት ቅጽበት አለ፤ በማሲንቆ ብቻዬን ስጫወት ላገኘው የምጥረው ያንን ነው።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወደ ገና ሜዳ ይሂዱ። እረኞቹ የልደቱን የምሥራች ሲሰሙ በዱላቸው ተጫወቱ የሚለው ትውፊት ልጆቹ ሩሯን በገና ዱላ እየመቱ ሲሮጡ ይታያል። አሸናፊው ወገን ተሸናፊውን በግጥም ሲያነሣና ሲጥለው፣ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ተብሎ ባላባቱም ሹሙም ሲነካ፣ የቃል ግጥም ያለ ወረቀት በሩጫ መካከል እንዴት እንደሚወለድ ያያሉ። በሞረትና ጅሩ ሜዳ ላይ እርስዎ ይህን በየዓመቱ የሚያዩት ስለ ሆነ ተማሪዎችዎን ይዘው ቢወጡና የሚባለውን ግጥም ቢያስጽፏቸው፣ ከእኔ መልስ የሚበልጥ መልስ ያገኛሉ ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ አባቴ ዋሽንት ይነፉ ነበር። ካረፉ ወዲህ ገና በደረሰ ቁጥር በሕልሜ መጥተው አንድ ዜማ ይነፉልኛል፤ ወደ ላይ ይወጣና መጨረሻው ላይ እንደ ተሰበረ ነገር ሆኖ ይወርዳል። ሕልም ይፈታል የተባለ ሰው ዘንድ ብሄድ «የፈለጉት ነገር አለ» ብሎ በግና ገንዘብ ጠየቀኝ። ልስጠው? (ከመሐል ሜዳ፣ መንዝ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ነፍሳቸውን ይማር። አይስጡት። አገራችን «ሕልም እንደ ፈቺው ነው» ይላል፤ እንዲህ ከሆነ ደግሞ የአባትዎን ነገር ከፍቺው ለሚጠቀም ሰው አሳልፈው መስጠት የለብዎትም። ለነፍሳቸው ማድረግ የሚፈልጉት ነገር ካለ የንስሓ አባትዎን ያማክሩ፤ በጉ የተራበ ጎረቤት የሚበላው ሊሆን ይችላል።

አባትዎ በገና መምጣታቸው አያስጨንቅዎት። ቤቱ በዓል ሲሆን፣ ጠጅ ሳር ሲጎዘጎዝ፣ ጠላው ሲቀዳ፣ እርሳቸው ይቀመጡበት የነበረውን ቦታ ዐይን ይፈልገዋል፤ ቀን የተፈለገ ሰው ሌሊት ይመጣል። እኔም አባቴን በዚሁ ሰሞን አያለሁ፤ ባየሁ ጊዜም ደስ ብሎኝ እነሣለሁ።

ዜማውን ግን አይተዉት። እናትዎ በሕይወት እንዳሉ ጽፈውልኛል፤ አባትዎን ከማንም በላይ ያዳመጡ እርሳቸው ስለሆኑ፣ በበዓሉ ምሽት ከእራት በኋላ ያንጎራጉሩላቸው። ከገለጻዎ ስገምት ዜማው ከአምባሰል ወይም ከአንቺሆዬ አንዱ ነው። ሁለቱ የመጀመሪያ ሦስት ድምፆቻቸው አንድ ስለሆኑ ጀማሪ ጆሮ ያምታታቸዋል፤ አራተኛው ድምፅ ላይ ሲደርሱ ግን አንቺሆዬ ከአምባሰል ግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላል፤ እርስዎ የተሰበረ ያሉት ያ ሳይሆን አይቀርም። መጀመሪያ በአምባሰል ያሰሟቸው፤ እናትዎ «እንዲህ አልነበረም» ካሉ አራተኛውን ዝቅ አድርገው ይሞክሩና አብረው ያርሙት።