መልስ፦ ጣና ዳር ዋልካ መሬት ላይ ጂ+1 ለመስራት ምን አይነት መሰረት ይሻላል?

ወንድሜ፣ ጣና ዳር ያለው ቦታህ ዋልካ (ጥቁር ሸክላማ አፈር) ነው፣ ግንበኛው ደግሞ 1 ሜትር ቆፍረን በድንጋይ እንገነባዋለን ይበቃል አለህ አይደል? ኧረ ተው እሺ እንዳትለው። ዋልካ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ላይ ደግሞ ይኮማተርና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፣ ቤቱን ወደ ላይ ወደ ታች ሲያደርገው ግድግዳው ከመስኮት ጥግ ጀምሮ በሰያፍ ይሰነጠቃል፣ የሚገርመው ቀለል ያለ ቤት ነው የበለጠ የሚጎዳው ምክንያቱም እብጠቱን የሚጫን ክብደት የለውም።

መጀመሪያ ጉድጓድ አስቆፍርና እይ፣ ቢቻል መስከረም ላይ፣ ያኔ የከርሰ ምድር ውሃው ከፍ ስለሚል እውነቱን ታየዋለህ (ሚያዝያ ላይ አይቶ ደረቅ ነው ብሎ የተሸወደ ብዙ ነው)። 2 ሜትር አካባቢ ላይ ጥቁር ድንጋይ ካገኘህ ተገላገልክ፣ ፉቲንግህን (የምሰሶዎቹን መሰረት) እዛ ላይ አሳርፈህ በግሬድ ቢም፣ ማለትም መሰረቶቹን እርስ በርስ በሚያያይዝ የአርማታ ቢም፣ ታስረዋለህ። ዋልካው አላልቅ ካለ ወይ ውሃ ቶሎ ከመጣ ግን ወደ ማት ፋውንዴሽን (ቤቱን ሙሉ የሚሸከም አንድ ወጥ የአርማታ ንጣፍ) መሄድህ ነው፣ ብረቱ ኪስ ይጎዳል እሱ አይካድም። ለማንኛውም ሶይል ቴስት (የአፈር ምርመራ) አሰራና ስትራክቸራል ኢንጂነሩ ይወስን።

ደግሞ የተቆፈረውን ዋልካ መልሰው እንዳይሞሉብህ እዛው ቆመህ ጠብቅ፣ ገረጋንቲ ይምጣና በየ20 ሳንቲው ውሃ እየተርከፈከፈ ይጠቅጠቅ። የጣራውን ውሃ በአሸንዳ አርቀው፣ ቤቱ ዙሪያውን 1 ሜትር ከምናምን ሊሾ አስደርግ፣ ግድግዳው ስር ባህር ዛፍ ካለም ሳትጀምር ኢንጂነሩን አማክር፣ እርጥበቱን ከስር እየመጠጠ አፈሩን ያኮማትረዋል።