ሾርትከቱ ለእኔ ይከፍታል፣ ለእህቴ እንቢ ይላል

ባሕር ዳር ፔዳ አካባቢ ፕሪንት ቤት ያለው ወጣት እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «ጋሼ፣ እኔና እህቴ በአንድ ኮምፒውተር በየራሳችን አካውንት እንሠራለን። ደንበኛ በቴሌግራም የሚልከው ፋይል ዳውንሎድስ ውስጥ ስለሚገባ፣ ወደዚያ የሚወስድ ሾርትከት (አቋራጭ) ሠርቼ የጋራው ዴስክቶፕ ላይ አስቀመጥኩት። ለእኔ ይከፍታል። እሷ ስትነካው ግን ፈቃድ የለሽም ይላታል። ቫይረስ ይሆን? ሲ ዲስክም ሞልቶብኛል።»

ቫይረስ አይደለም ወንድሜ። ሁሉን ነገር በቫይረስ ማሳበብ ለምዶብናል። ሾርትከቱ የመዘገበው ያንተን አድራሻ ነው፦ ሲ ዲስክ፣ ዩዘርስ፣ ያንተ ስም፣ ዳውንሎድስ። እህትህ ስትጫነው የምታንኳኳው ያንተን ጓዳ ነው። ዊንዶውስ ደግሞ ሰው ጓዳ ዝም ብሎ አያስገባም።

ዳውንሎድስ፣ ዶክመንትስ፣ ዴስክቶፕ ልዩ ፎልደሮች ናቸው። ስማቸው «ቤቴ» እንደማለት ነው። ባጃጅ ውስጥ ሁለት ሰው «ወደ ቤቴ» ቢል አንዱ ሽምብጥ ይወርዳል፣ ሌላው ግሽ ዓባይ። ስለዚህ ለሾርትከቱ አድራሻውን ሳይሆን ስሙን ስጠው።

የድሮውን አጥፋ። ዴስክቶፑ ባዶ ቦታ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ኒው፣ ሾርትከት። አድራሻ ሲጠይቅህ በእንግሊዝኛ ፊደል «ኤክስፕሎረር» ብለህ ጻፍ። አንዴ ስፔስ ተጫን። ከዚያ «ሼል»፣ ኮለን (ላይና ታች ያሉት ሁለት ነጥቦች)፣ «ዳውንሎድስ» በተከታታይ ይግጠሙ። ከኮለኑ በኋላ ስፔስ እንዳታስገባ፤ እጅ ሳያውቀው የሚነካት እሷን ነው። ለዶክመንትስ ከፈለግህ ከኮለኑ ቀጥሎ የምትጽፈው «ፐርሰናል» ነው። ዊንዶውስ በውስጥ የሚጠራው በዚህ ስም ነው፣ ግራ አይግባህ።

አሁን ሾርትከቱን ወደ ጋራው ዴስክቶፕ ውሰደው። የዊንዶውስን ቁልፍ ከአር ጋር ተጫንና «ሼል»፣ ኮለን፣ «ኮመን ዴስክቶፕ» ብለህ ጻፍ። እዚህ በሁለቱ ቃላት መሀል ስፔስ አለ። በሚከፈተው ፎልደር ውስጥ ለጥፈው። የአድሚን ፈቃድ ከጠየቀህ ስጠው።

ሲ ዲስክ ሞልቶብኛል ያልከውም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። መጀመሪያ ዲ ዲስክ ላይ አዲስ ፎልደር ፍጠር። ከዚያ ዳውንሎድስ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ሎኬሽን፣ ሙቭ ብለህ አዲሱን ፎልደር ምረጥለት። ያለ ፎልደር ዲ ዲስኩን ራሱን ግን በጭራሽ እንዳትመርጥ! እኔ አንዴ ስቸኩል የአንድ ደንበኛን ዶክመንትስ እንዲህ አድርጌ፣ ዲ ዲስኩ ራሱ ዶክመንትስ ሆኖ ቁጭ አለ። መመለሱ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። የቡናውንም የከፈልኩት እኔ ነኝ።

እህትህም የራሷን ፎልደር ፈጥራ በራሷ አካውንት ትድገመው። ሾርትከቱን ግን አትንኩት፤ ስም ስለሰጠነው ዳውንሎድስ ዲ ላይ ቢገባም ተከትሎ ያገኘዋል።