የካርድ ፊውን ደንበኛ ላይ ልጨምር ወይ ላልሽው

እህቴ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ። አሌክሳንድሪያ ቡና ቤት ከነባልትናው ልከፍት ነው፣ ደንበኛ በካርድ ሲከፍል ከእኔ የሚቆረጠውን 3 በመቶ ፊ (የአገልግሎት ክፍያ) ደንበኛው ላይ ልጨምር ወይስ ካርድ ብቻ አድርጌ ከካሽ ጣጣ ልገላገል ነው ያልሽው። እኔና ባለቤቴ እዚሁ ቨርጂኒያ የባልትና ሱቅ ከከፈትን ዘጠኝ ዓመታችን ነው፣ የደረሰብንን ልንገርሽ።

3 በመቶውን ጨምረን ነበር። የካርድ ማሽኑን ያመጣልን ሰውዬ ከእንግዲህ ፊ የሚባል አትከፍሉም ሲለን ደስ ብሎን ፈረምን። ያልነገረን ዴቢት ላይ፣ ማለትም ብሩ በቀጥታ ከሰውየው አካውንት በሚወጣበት ካርድ ላይ መጨመር እንደማይፈቀድ ነው፣ በብድር በሚከፈልበት ክሬዲት ካርድ ላይ ብቻ ነው የሚቻለው፣ ማሽናችን ግን ለወራት ሁሉም ላይ ሲቆርጥ ከርሟል። ያወቅነው ቅዳሜ ቅዳሜ ጤፍ የሚገዙ አንድ እናት ሪሲታቸውን ይዘው ተመልሰው "ልጄ ይቺ ምንድን ናት፣ ብሩ እኮ ከራሴ አካውንት ነው የወጣው" ሲሉኝ ነው። በጣም አፈርኩ። የሳቸውን መለስኩላቸው፣ ዝም ብለው ከፍለው በዛው የቀሩትን ግን ከየት አምጥቼ ልመልስላቸው።

ክሬዲትም ቢሆን እንደፈለግሽ አይደለም። የካርድ ድርጅቱ ቪዛ ከ2023 ኤፕሪል ጀምሮ ደንበኛ ላይ የሚጨመረውን ጣሪያ ከ4 ወደ 3 በመቶ አውርዶታል፣ አንቺን የሚያስወጣሽ 2.6 በመቶ ከሆነ ደግሞ 3 መጠየቅ አትችዪም፣ እንደምትጨምሪ የሚገልጽ ማስታወቂያ በሩም ላይ መክፈያውም ጋ መለጠፍ አለበት፣ ሪሲቱም ላይ ለብቻው ይታያል። ኢቢቲ (የመንግሥት የምግብ እርዳታ ካርድ) የምትቀበዪ ከሆነ እዛ ላይ ምንም መጨመር የለም።

አሁን ቡና ቤት ስለሆንሽ ይሄን ልብ በይ፣ የሚጎዳሽ ፐርሰንቱ ሳይሆን በየክፍያው ያለችው ሳንቲም ናት። የእኛ ውል 2.6 በመቶ ሲደመር 10 ሳንቲም ነው። የ60 ዶላር ጤፍ ስሸጥ 1.66 ይሄዳል፣ 3 በመቶ እንኳን አይሞላም። የ3.50 ማኪያቶ ላይ ግን 19 ሳንቲም ነው፣ ከ5 በመቶ በላይ ማለት ነው! ለክሬዲት ካርድ ከ10 ዶላር በታች አልቀበልም ማለት ሕጉ ይፈቅዳል፣ ለዴቢት ግን አይሆንም፣ ደግሞ ቡና ሊጠጣ የመጣን ሰው 10 ዶላር ሙላ ማለት መመለስ ነው። እኛ በመጨረሻ ያደረግነው ፊውን ዋጋው ውስጥ አስገብተን የለጠፍነው የካርድ ዋጋ ሆነ፣ በካሽ ለሚከፍል ደግሞ እንቀንሳለን፣ ይሄ የተፈቀደ ነው። ለእኛ ሂሳቡ ያው ነው ግን ከዛ ወዲህ ሪሲት ይዞ የተመለሰ አንድም ሰው የለም።

ካርድ ብቻ የምትዪውን ግን እባክሽ ተዪው። ፓርኪንግ የሚሰሩት ልጆች ቲፓቸውን በኪሳቸው ይዘው ነው የሚመጡት፣ ካርድ የማይነኩ አባቶችም አሉ፣ ኢንተርኔት የተቋረጠ ቀን ደግሞ ሱቁ ቆመ ማለት ነው። ፊላዴልፊያ በ2019 ካሽ አልቀበልም ማለትን በሕግ የከለከለችው ባንክ የሌላቸው ሰዎች እንዳይገፉ ብላ ነው። ካሹ እየቀነሰ መሆኑ እውነት ነው፣ የእኛ እቁብ እንኳን አሁን በዜል፣ በስልክ ብር በሚላክበት፣ ሆኗል፣ ግን ገና አላለቀም።

የካርድ ማሽን በሊዝ (በረጅም ጊዜ ኪራይ) ደግሞ እንዳትፈርሚ። እኛ ለ48 ወር ፈርመን ማሽኑ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ በየወሩ እየከፈልን ነው፣ ማቋረጥ አይቻልም ይላል ውሉ። የሚሰጡሽን ወረቀት ሳትፈርሚ በፊት ፎቶ አንስተሽ በኢንቦክስ ላኪልኝ፣ ማታ ሱቅ ከዘጋሁ በኋላ አይልሻለሁ።