ሦስተኛው ቅጂ፦ ሥራ ለጀመራችሁ ልጆቼ

ልጆቼ፣

ከሠላሳ ዓመት በላይ በመዝገብና በችሎት መካከል የኖርኩ የሕግ ባለሙያ ነኝ። «ዋናው አለቃ መውደዱ ነው» ስትሉ በሰማሁ ቁጥር ሁለት የጥንት እንግሊዝ ሹማምንት ትዝ ይሉኛል። ሁለቱም ሁበርት ይባላሉ፤ ሹመታቸውም ጀስቲሺያር ነበር። ንጉሡ ባሕር ተሻግሮ ኖርማንዲ ሲሰነብት ፍርዱንም ግብሩንም የሚይዘው ጀስቲሺያሩ ነበር፤ በእኛ አነጋገር እንደራሴ።

ሁበርት ዋልተር እ.ኤ.አ. በ1193 ሲሾም ንጉሥ ሪቻርድ ጀርመን አገር ታስሮ ነበር። ስለ ቤዛው ገንዘብ ብዙ ተጽፏል፤ እኔን የሚገርመኝ ግን አንድ ብራና ነው። በንጉሡ ችሎት የታረቁ ባለጉዳዮች የስምምነቱን ቅጂ አንድ አንድ ይዘው ይሄዱ ነበር። ቢጠፋስ? ቢፋቅስ? ጁላይ 15 ቀን 1195 በሁበርት ትእዛዝ ስምምነቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ብራና ላይ ሦስት ጊዜ ተጻፈና በጠማማ መስመር ተቆረጠ። ሁለቱ ለባለጉዳዮቹ ተሰጡ፤ የግርጌው ቁራጭ ግምጃ ቤት ገባ። ክርክር ከተነሣ ቁራጮቹን ማገጣጠም ነው፤ አልገጥም ያለው ሐሰተኛ ነው። በዚያ በመጀመሪያው ውል አንዱ ባለጉዳይ የሁበርት የገዛ ወንድም ቴዎባልድ ነበር። በወንድሙ ጉዳይ እንኳ ሌላ ሰው የሚመረምረው ማስረጃ አስቀመጠ! ሥርዓቱ ከ600 ዓመት በላይ ሠራ፤ ቁራጮቹም ዛሬ ለንደን፣ ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት አሉ።

ሁለተኛው፣ ሁበርት ደ በርግ፣ ጀግና ነበር። የዶቨርን ግንብ ከፈረንሳይ ጦር ጠብቋል፤ በ1217 መርከቦቻቸውን ሳንድዊች በተባለችው ወደብ አጠገብ ድል ነሥቷል፤ ለሕፃኑ ንጉሥ ሄንሪ ሣልሳዊም አገር አስተዳድሯል። በ1232 ንጉሡ ፊቱን አዞረበት፤ የዓመታቱን ገቢና ወጪ አስረዳ ተባለ። የዘመኑ ዜና መዋዕል እንደሚለው፣ ሒሳብ እንዳይጠየቅ የሄንሪ አባት ንጉሥ ጆን የሰጠውን ቻርተር፣ ማለትም የመብት ደብዳቤ፣ ጠቀሰ፤ «ቻርተሩ ከሰጪው ጋር ሞቷል» አሉት። ከተጠለለበት ጸሎት ቤት ጎትተው አወጡት። መተማመኛው ሌላ ሰው የሚመረምረው ማስረጃ ሳይሆን የአንድ ንጉሥ ውዴታ ነበርና።

እኔም በወጣትነቴ አለቃዬ በቃል ያዘዘኝን ፈጸምኩ። እርሱ ተዛውሮ የመጣው ሹም «ደብዳቤው የታል?» አለኝ። አልነበረም። እኔ በማስጠንቀቂያ አለፍኩ፤ ባለጉዳይዋ እናት ግን ቦታዋን ለማስመለስ ዓመታት ተንከራተተች። ፊቷ እስከ ዛሬ አይጠፋኝም።

ስለዚህ በቃል ስትታዘዙ እሺ በሉና ጠረጴዛችሁ ላይ ተቀመጡ። «ዛሬ በቃል በታዘዝኩት መሠረት» ብላችሁ ጀምሩ። ቀንና ቁጥር ስጡት፤ አንዱን ለአለቃችሁ፣ አንዱን ለባለጉዳዩ አድርሱ፤ ሦስተኛውን ከፋይሉ ጋር አያይዙ።