የጡረታውን ፎርም ከመፈረማችሁ በፊት

ለንደን አዲስ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ሥራ ነው። ቀጥሎ ገንዘብ መላኪያ የት እንደሚረክስ ይጠይቃል። ስለ ቁጠባና ስለ ጡረታ የሚያነሳ የለም። ስለዚህ ሳልጠየቅ እናገራለሁ። ቅር የሚለው ካለ ይቅር ይበለኝ።

1. ወረቀት
የናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥራችሁን (የመንግሥት ጡረታ መዋጮ የሚመዘገብበትን) ያዙ፣ የባንክ ሒሳብ ክፈቱ፣ ፔይስሊፓችሁን ማለትም የደመወዝ ወረቀታችሁን አትጣሉ። በቃ።

2. ቁጠባ
ዕቁብ እወዳለሁ። ሰው ያገናኛል፣ እጅንም ይሰበስባል። ግን ወለድ የለውም፤ ቀድሞ የደረሰው ሰው ቢጠፋ የሚክሳችሁም የለም። እዚህ ባንክ ቢወድቅ ግን ከዲሴምበር 2025 ጀምሮ በአንድ ባንክ እስከ 120,000 ፓውንድ ዋስትና አለው።

አይሳ የሚባለው ሒሳብ ትርፉ ግብር አይከፈልበትም። በዓመት እስከ 20,000 ፓውንድ ይገባበታል፤ ዓመቱ የሚዘጋው ኤፕሪል 5 ነው። ካሽ አይሳ ወለድ ብቻ ይሰጣል። ስቶክስ ኤንድ ሼርስ የሚባለው ግን አክሲዮን ስለሚገዛበት ይወጣል፣ ይወርዳል። ለከርሞ ሠርግ የያዛችሁትን ገንዘብ እዚያ አትክተቱ። ለ10 ዓመት የማትነኩት ከሆነ ኢንዴክስ ፈንድን እዩ፤ በአንዴ ከብዙ ኩባንያዎች ትንሽ ትንሽ ድርሻ ይገዛል፣ ክፍያውም ቀላል ነው።

ከ18 እስከ 39 ዓመት ላላችሁ ላይፍታይም አይሳ አለ። በዓመት 4,000 ፓውንድ ብታስገቡ መንግሥት 1,000 ይጨምራል። ለመጀመሪያ ቤት ወይም ከ60 ዓመት በኋላ ነው የሚወጣው። ለሌላ ጉዳይ ካወጣችሁት 25 በመቶ ይቆረጣል፤ ከራሳችሁም ገንዘብ ይጎድላል።

3. በብር ማስቀመጥ
በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 ላይ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ በጥቂት ሳምንታት ከ100 አለፈ። አዲስ አበባ በብር ያጠራቀመ ሰው ገንዘቡ በፓውንድ ሲሰላ ግማሽ ሆኖ ቀረ። የምትኖሩት እዚህ ከሆነ መጠባበቂያችሁም እዚህ ይሁን።

4. ጡረታ
የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ዕድሜያችሁ 22 ከሞላ እና ከአንድ አሠሪ በዓመት ከ10,000 ፓውንድ በላይ ካገኛችሁ አሠሪው የጡረታ ዕቅድ ውስጥ ያስገባችኋል። ብዙ ወገኖቼ ፔይስሊፑ ላይ ቅናሹን ሲያዩ «ገንዘቤን በሉት» ብለው የመውጫውን ፎርም ይፈርማሉ። ማን በላችሁ? ራሳችሁ ናችሁ የጣላችሁት!

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ደመወዛችሁ በወር 2,000 ፓውንድ ነው እንበል። በዝቅተኛው መዋጮ ከኪሳችሁ የሚወጣው 59 ፓውንድ ገደማ ነው። አሠሪው 44፣ መንግሥት በግብር ቅናሽ ወደ 15 ፓውንድ ይጨምራሉ። በስማችሁ 118 ፓውንድ ይገባል። 59 ሰጥቶ 118 የሚቀበል የትኛው ዕቁብ ነው?

እንደ ታላቅ ወንድሜ የማየው ሰው አለ። ቢሮ ሲያጸዳ ነው የኖረው። ፎርሙ በመጣ ቁጥር እየፈረመ ይወጣ ነበር፤ ያቺን ገንዘብ ለዘመድ ይልካታል። ዛሬ 66 ዓመት አልፎታል። የመንግሥት ጡረታ ሙሉ የሚሆነው የ35 ዓመት ናሽናል ኢንሹራንስ ለተቆጠረለት ስለሆነ የሱ ጎዶሎ ነው። አሁንም ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቶ፣ ጉልበቱን በጨርቅ አስሮ፣ አውቶቡስ ይጠብቃል። የላከላቸው ዘመዶች ዛሬም ይደውሉለታል። «ጡረታህስ?» ብሎ የጠየቀው ግን የለም።

ላኩ፣ እናትና አባት አይረሱም። ግን ከጡረታው ላይ ቆርጣችሁ አትላኩ።

«ወለድ ስላለበት ሃይማኖቴ አይፈቅድም» የምትሉ ሙስሊም እህት ወንድሞቼ፣ መንግሥት ያቋቋመውን ኔስት ጨምሮ በሸሪዓ የሚሠራ ፈንድ ያላቸው የጡረታ ዕቅዶች አሉ። ከመውጣታችሁ በፊት ጠይቁ።

ሁለት ሦስት ቦታ ለምታጸዱት ደግሞ፣ በየአሠሪው ከ10,000 በታች ስለምታገኙ ማንም በራሱ አያስገባችሁም። ራሳችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ከዚያ አሠሪ በዓመት ከ6,240 ፓውንድ በላይ ካገኛችሁ እሱም የማዋጣት ግዴታ አለበት። ፈርማችሁ የወጣችሁም መመለስ ትችላላችሁ። ሰኞ ጠዋት ለደመወዝ ክፍሉ «ወደ ጡረታ ዕቅዱ መግባት እፈልጋለሁ» ብላችሁ ኢሜይል ላኩ፤ መልሱንም አስቀምጡ።